ሚልት ስቴጋል እና የካናዳ ፉትቦል ሪሲቨር ሕይወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካናዳ ውስጥ፣ በተለይ ከዊኒፔግ እስከ ኤድመንተን ባሉት ከተሞች የሚኖር አበሻ፣ በሰመር ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገባ የሚሰማው ወሬ ያው ነው፤ ፉትቦል። የአሜሪካው ሳይሆን የራሳቸው፣ የካናዳው። ዊኒፔግ ከሆናችሁ ደግሞ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ስም ላይ ያርፋል። ሚልት ስቴጋል። ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ2008 ነው። ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ሆኖም ዛሬም ጎበዝ ሪሲቨር (የተወረወረ ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) ብቅ ባለ ቁጥር የሚለካው በእሱ ነው። ነገሩ ግራ የሚያጋባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሚልት ስቴጋል ማነው?

ጃንዋሪ 25 ቀን 1970 ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ውስጥ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። የተማረው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፍሎሪዳ ያለውን ከተማ እንዳታስቡ፣ ይሄኛው እዚያው ኦሃዮ ውስጥ ነው። ከ1995 እስከ 2008 ድረስ 14 የውድድር ዘመን ለአንድ ቡድን ብቻ፣ ለዊኒፔግ ብሉ ቦምበርስ፣ 85 ቁጥር ለብሶ ተጫወተ።

በነዚያ ዓመታት 854 ኳስ ተቀበለ። በነዚህ ኳሶች 15,153 ያርድ ሄደ፤ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በጠቅላላው 147 ተችዳውን (ኳሱን ተጋጣሚው ጫፍ ድረስ አድርሶ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። የተጫወተው ወደ 200 የሚጠጋ ጨዋታ ስለሆነ በአራት ጨዋታ ሦስት ተችዳውን ያህል ይደርሰዋል። 147 ዛሬም የሊጉ ሪከርድ ነው።

የካናዳው ፉትቦል ከአሜሪካው በምን ይለያል?

ቴሌቪዥን ላይ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ሄልሜቱ ያው፣ ኳሱ ያው፣ ግጭቱም ያው ነው። ሜዳው ግን ይለያል። የካናዳው ርዝመቱ 110 ያርድ፣ ወርዱ 65 ያርድ ነው። የአሜሪካው 100 በ53 ገደማ ነው። ተችዳውን የሚቆጠርበት በሁለቱም ጫፍ ያለው ኤንድ ዞንም የካናዳው 20 ያርድ ሲሆን፣ የአሜሪካው 10 ብቻ ነው። በካናዳ በአንድ ወገን 12 ሰው ይሰለፋል፣ በአሜሪካ 11።

ከሁሉም በላይ ጨዋታውን የሚቀይረው ግን የሙከራው ቁጥር ነው። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አሜሪካ ውስጥ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ካናዳ ውስጥ ሦስት ነው። ሦስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ኳሱን በእግር ጠልዞ ለተጋጣሚ ስለሚያስረክብ በተግባር ያለው ሁለት ሙከራ ነው። ሁለት ሙከራ ብቻ ያለው ቡድን ደግሞ ሦስት ሦስት ያርድ እየቆጠበ በሩጫ መሄድ አያዋጣውም። መወርወር አለበት። ሜዳው ሰፊ፣ ሙከራው ጥቂት ከሆነ የሪሲቨር ዋጋ ይወደዳል። ስቴጋልን የሚያህል ተጫዋች ካናዳ ውስጥ የተፈጠረው በአጋጣሚ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የሪሲቨር ሥራ ምንድን ነው? ኳስ መቀበል ብቻ ነው?

መቀበሉ የመጨረሻዋ ሴኮንድ ናት። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው።

ሪሲቨር የሚሮጠው በዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱ ሙከራ ተጠንቶ የተቀመጠ መስመር አለው። አሥር ያርድ ቀጥ ብሎ ሮጦ ወደ ውስጥ መታጠፍ ሊሆን ይችላል። እስከ ጥግ መገስገስ ወይም ቆም ብሎ ወደ ኋላ መመለስም ይኖራል። ወርዋሪው፣ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች፣ ብዙ ጊዜ ኳሱን የሚለቀው ሪሲቨሩ ገና ሳይዞር ነው። የሚወረውረው ሰውየው ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ቦታ ነው። አንድ እርምጃ ከዘገየ ኳሱ ለተከላካዩ ሲሳይ ይሆናል።

ካናዳ ውስጥ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ኳሱ እስኪነሳ አጥቂዎቹ ቆመው መጠበቅ አለባቸው። አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም ወደ ጎን፣ መንቀሳቀስ ይፈቀድለታል። ካናዳ ውስጥ ግን ሁለቱ ቡድኖች ከሚፋጠጡበት መስመር ኋላ ያሉት ሪሲቨሮች ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ወደ ፊት መንደርደር ይችላሉ። ዋግል ይሉታል። ስቴጋል የሚጫወትበት ስሎትባክ የሚባለው ቦታ የዚህ ሕግ ዋና ተጠቃሚ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሎትባኩ ከመስመሩ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ርቆ ይቆማል። ኳርተርባኩ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር እሱም ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከዚያ ፍጥነት ይጨምራል። ኳሱ በሚነሳባት ቅጽበት መስመሩ ጋ በሙሉ ፍጥነት መድረስ አለበት። ከፊቱ ያለው ተከላካይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፣ ወይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ። አንዱ በሙሉ ፍጥነት፣ ሌላው ከዜሮ። ግን ስሎትባኩ በግማሽ እርምጃ ቀድሞ መስመሩን ካለፈ ቅጣት ነው፣ ቡድኑ አምስት ያርድ ይመለሳል። ዘግይቶ ከደረሰ ደግሞ መንደርደሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ስታዲየም ገብታችሁ ካያችሁ ኳሱን ትታችሁ አንድ ሙከራ ላይ ይህንን ብቻ ተመልከቱ። ቴሌቪዥን ላይ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ውጭ ይሆናል።

ሌላው ብርዱ ነው። ውድድሩ ጁን ላይ ተጀምሮ ኖቬምበር ላይ ያልቃል። ኖቬምበር ላይ ዊኒፔግ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ኳሱ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ጣት ደግሞ ይደነዝዛል። በዚያ ላይ በሙሉ ፍጥነት እየሮጡ መያዝ ነው።

አሜሪካዊ ሆኖ እንዴት ካናዳ ገባ?

እንደ ብዙዎቹ፣ የአሜሪካው በር ስላልተከፈተለት ነው። ከኮሌጅ ሲወጣ በድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ጊዜ፣ የመረጠው ቡድን አልነበረም። የትውልድ ከተማው ቡድን ሲንሲናቲ ቤንጋልስ ግን ወሰደውና ከ1992 እስከ 1994 እዚያ ቆየ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሪሲቨርነት ይህ ነው የሚባል ዕድል አላገኘም። ቀጥሎ ግሪን ቤይ ፓከርስን ተቀላቀለ። እዚያ ጉልበቱ ተጎዳና አልሆነም። በ1995 የውድድሩ ዘመን ሊገባደድ ሲል ዊኒፔግ ደረሰ። 25 ዓመቱ ነበር።

በነገራችን ላይ 1995 ለካናዳ ፉትቦል ጉድ የታየበት ዓመት ነው። ሊጉ ገንዘብ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ አሜሪካ ውስጥ ቡድኖች አቋቁሞ ነበር። የዚያን ዓመት የካናዳን ዋንጫ የወሰደው የአሜሪካው ባልቲሞር ነው! በዓመቱ የአሜሪካ ቡድኖች በሙሉ ጠፉ፣ የባልቲሞሩም ወደ ሞንትሪያል ተዛወረ።

ብዙ አሜሪካውያን ካናዳን እንደ መሸጋገሪያ ነው የሚያዩት። ለምሳሌ ጆ ሆርን የሚባል ሪሲቨር በዚያው በ1995 ሜምፊስ ለነበረው የሲኤፍኤል (የካናዳው ሊግ) ቡድን ተጫውቶ፣ ተመልሶ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካው ሊግ) ገባና ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኮከብ ሆነ። ስቴጋል ግን ዊኒፔግ ገብቶ እዚያው ቀረ።

ክፍያውስ እንዴት ነው? ሀብታም ያደርጋል?

የኤንኤፍኤልን እያሰባችሁ ከሆነ እርሱት። በካናዳ ሊግ የአንድ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2023 ጀምሮ በዓመት 70,000 የካናዳ ዶላር ነው። ኤንኤፍኤል ውስጥ በ2024 አዲስ ገቢ የሚያገኘው ዝቅተኛ ክፍያ 795,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ልዩነቱን እናንተው አስሉት።

በስቴጋል ጊዜ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነበር። በ2007 ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ በቁም ነገር ሲያስከብር ለአንድ ቡድን ተጫዋቾች በሙሉ የተፈቀደው 4.05 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነው። ይህ ለቡድኑ ሁሉ እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም። ኮከቦቹ እርግጥ ከሌላው በጣም የተሻለ ያገኛሉ፤ ሆኖም ጡረታ የሚያወጣ ገንዘብ አይደለም። በዚያ ላይ ውሉ በአብዛኛው ዋስትና የለውም። ቡድኑ አልፈልግህም ካለ ቀሪውን ዓመት አይከፍልም። ስለዚህ ብዙ ተጫዋቾች ከኖቬምበር እስከ ሜይ ሌላ ሥራ ይሠራሉ።

ምርጡ ዓመቱ የቱ ነበር?

ቁጥር የሚወዱ ሰዎች 2002 ይላሉ። 106 ኳስ፣ 1,862 ያርድ፣ 23 ተችዳውን። በ18 ጨዋታ 23! በአንድ የውድድር ዘመን ይህን ያህል ያስቆጠረ የለም። በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን 1997ን እመርጣለሁ። 61 ኳስ ብቻ ተቀብሎ 1,616 ያርድ ሄደ። አንድ ኳስ በያዘ ቁጥር በአማካይ ከ26 ያርድ በላይ ማለት ነው። ለሪሲቨር 15 ያርድ ጥሩ አማካይ ነው። ተጋጣሚ ሁሉ ኳሱ ወደ እሱ እንደሚመጣ እያወቀ፣ ረጅሙን መንገድ እንደሚሮጥ እያወቀ፣ ማቆም አልቻለም። 2002 ላይ ከጎኑ ጥሩ ኳርተርባክ ነበረው፣ ቡድኑም ጠንካራ ነበር። 1997 ላይ ግን ቦምበርስ ከ18 ጨዋታ አብዛኛውን የተሸነፈ ደካማ ቡድን ነበር።

በ2006 ኤድመንተን ላይ የሆነው ምንድን ነው? ለምን ሁሉም ያነሳዋል?

ጁላይ 20 ቀን 2006፣ ኮመንዌልዝ ስታዲየም። ዊኒፔግ 22 ለ 19 እየተመራ ነው። ሰዓቱ ላይ የቀረው ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ኳሱ ያለው ደግሞ በራሳቸው 10 ያርድ ላይ ነው፤ ከፊታቸው 100 ያርድ ተዘርግቷል። ደጋፊው መኪናውን ፍለጋ መውጣት ጀምሯል።

ኳርተርባኩ ኬቨን ግሌን አንድ ረጅም ኳስ ወደ ሜዳው መሀል ለቀቀ። እንዲህ ዓይነት ሙከራ ላይ ተከላካዮች የሚሰጣቸው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ማንም ከኋላችሁ አይለፍ። ስቴጋል ኳሷን ያዘ፣ አለፋቸው፣ የቀረውን በእግሩ ጨረሰው። ተችዳውን ስድስት ነጥብ ነው። 25 ለ 22። ጨዋታው አለቀ።

የተጻፈው 100 ያርድ ነው። ይህ በኤንኤፍኤል በሕጉ ሊሆን አይችልም፤ እዚያ ረጅሙ ሙከራ 99 ያርድ ነው። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት። ስታዲየሙ ጸጥ ሲል የሚሰማው የዊኒፔግ ተጠባባቂዎች ጩኸት ነው። ስቴጋል ያን ጊዜ 36 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ አብዛኛው ሪሲቨር ጫማውን ሰቅሏል።

ስንት ዋንጫ አነሳ?

አንድም። ደጋፊው አሁንም ሲያነሳው ፊቱ የሚጠቁረው እዚህ ጋ ነው።

የካናዳ ፉትቦል ዋንጫ ግሬይ ካፕ ይባላል። የካናዳ ጠቅላይ ገዢ የነበሩት ኧርል ግሬይ በ1909 ያበረከቱት ነው። ዊኒፔግ በ1990 ወሰደና ከዚያ በኋላ እስከ 2019 አላገኘውም። የስቴጋል 14 ዓመት ሙሉ በሙሉ በዚህ ድርቅ ውስጥ ወደቀ። ስቴጋል ለፍጻሜ የደረሰው ሁለት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው በ2001 ሞንትሪያል ላይ። ዊኒፔግ በመደበኛው ውድድር 14 አሸንፎ 4 ተሸንፏል። ተጋጣሚው ካልጋሪ 8 አሸንፎ 10 ተሸንፎ የመጣ ቡድን ነው። ዋንጫው ያለቀለት መስሎ ነበር። ካልጋሪ 27 ለ 19 አሸነፈ። ያን ቀን አንድ የዊኒፔግ ደጋፊ ቡድኔ ዋንጫ እስኪያነሳ ረጅም ሱሪ አልለብስም ብሎ ማለ። ቃሉን ጠብቆ 18 ዓመት በቁምጣ ኖረ። በዊኒፔግ ክረምት!

ሁለተኛው በ2007 ቶሮንቶ ላይ ነው። ተጋጣሚው ሳስካችዋን ነበር፣ የጎረቤት ባላንጣ። ሁለቱ ሰፈሮች በዓመት ሁለቴ ሳይሰዳደቡ አይውሉም፤ ግን ለፍጻሜ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ዊኒፔግ ፍጻሜ የገባበትን ጨዋታ አሸነፈ፤ በዚያው ጨዋታ ግን ኬቨን ግሌን ክንዱ ተሰበረ። አዎ፣ ያው የ100 ያርዱ ግሌን። ተጠባባቂው ራያን ዲንዊዲ በሲኤፍኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ቋሚ የተሰለፈው በዋንጫ ጨዋታ ሆነ። ሦስት ኳስ ለተከላካይ ወረወረ፣ ሦስቱንም የያዘው አንድ ሰው ነበር። 23 ለ 19 ተሸነፉ።

ዲንዊዲ ላይ ሁሉም ጣቱን ቀሰረ። ይሄ ግፍ ይመስለኛል፤ ልምድ የሌለውን ልጅ ፍጻሜ ላይ አውጥተህ ለምን ተንቀጠቀጥክ አይባልም። ይኸው ልጅ በኋላ የቶሮንቶ አሰልጣኝ ሆኖ በ2022 እና በ2024 ግሬይ ካፕ አነሳ። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ማንን ነው? ዊኒፔግን።

ዋንጫ ፍለጋ ለምን ወደ ሌላ ቡድን አልሄደም?

ከ2006 ጀምሮ በየዓመቱ የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ ልተው ወይስ ልመለስ እያለ ያስብ ነበር። ሲመለስ ግን ሁልጊዜ ወደ ዊኒፔግ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ታማኝነት ያነሳል፣ እኔም አከብረዋለሁ። ታማኝነት ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ግን ጄሮይ ሳይመንን እዩት።

ሳይመን በ1999 እና በ2000 ዊኒፔግ ውስጥ የስቴጋል የቡድን ጓደኛ ነበር። ያኔ ወጣት ነው፣ ብዙም አይሰለፍም። በ2001 ወደ ቫንኩቨሩ ቢሲ ላየንስ ሄደ። እዚያ በ2006 እና በ2011 ዋንጫ አነሳ። በ2013 ወደ ሳስካችዋን ሄዶ ሦስተኛውን ጨመረ። የስቴጋልን የያርድ ሪከርድ የሰበረውም እሱ ነው። ስለዚህ ከዊኒፔግ የወጣው ሦስት ዋንጫ፣ የቀረው ዜሮ። ሆኖም ዊኒፔግ ውስጥ ስለ ሳይመን የሚያወራ ሰው ብዙ አታገኙም።

አንድ ነገር መጨመር አለበት። ብሉ ቦምበርስ የአንድ ባለሀብት ንብረት አይደለም። ለትርፍ ያልቆመ፣ የማኅበረሰቡ ቡድን ነው። ሳስካችዋንም እንደዚያው ነው። እንዲህ ባለ ከተማ 14 ዓመት የቆየ ሰው እንደ ዘመድ ነው የሚታየው።

ሪከርዶቹ ዛሬም የእሱ ናቸው?

ግማሹ አዎ፣ ግማሹ የለም።

በ2007 ማይክ ፕሪንግልና ጆርጅ ሪድ እኩል የያዙትን 137 ተችዳውን አለፈ። ሁለቱም ኳስ ይዘው የሚሮጡ ተጫዋቾች ነበሩ፤ በአንድ ጨዋታ 20 ጊዜ ኳስ ይሰጣቸዋል። ሪሲቨር አምስት ስድስት ጊዜ ካገኘ ጥሩ ቀን ነው። 147 ለየት የሚለው ለዚህ ነው፣ እስካሁንም አልተነካም።

በያርድ በ2008 የካልጋሪውን አለን ፒትስን 14,891 አልፎ አንደኛ ሆነ። በ2012 ሳይመን አለፈው፤ 16,352 ላይ አቆመ። በተቀበሉት ኳስ ብዛት አንደኛው ኒክ ሉዊስ ነው፣ 1,051። በአንድ ዓመት ብዙ ያርድ የፒትስ ነው፣ በ1994 2,036። በአንድ ዓመት ብዙ ኳስ የዴሬል ሚቸል፣ በ1998 160።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ሉዊስ ከስቴጋል 200 ገደማ የሚበልጥ ኳስ ተቀብሎ በያርድ አልበለጠውም። ስቴጋል አንድ ኳስ ሲይዝ በአማካይ 17.7 ያርድ ነው የሚሄደው። ሉዊስ መሀል ሜዳ ገብቶ ተመትቶም ቢሆን አጭሩን ኳስ የሚይዝ ዓይነት ሰው ነው። ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር አያልቅም። ሦስተኛው ሙከራ እንዳይመጣ ከፈለግሁ ሉዊስን፣ ስምንት ነጥብ እየተመራሁ ከሆነ ስቴጋልን አሰልፋለሁ።

ካቆመ በኋላ ምን ሠራ?

በ2012 የካናዳ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ገባ። ቲኤስኤን በሚባለው የስፖርት ጣቢያም ተንታኝ ሆነ፤ ስሙን የማያውቅ ወጣት ድምፁን ያውቀዋል። ዊኒፔግ ፖሎ ፓርክ አካባቢ፣ አሮጌው ስታዲየም በነበረበት ሰፈር፣ በስሙ የተሰየመ መንገድ አለ። ስታዲየሙ ፈርሷል። ቡድኑም ከ2013 ጀምሮ የሚጫወተው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለው አዲሱ ሜዳ ነው።

147ን የሚሰብር ይመጣ ይሆን?

ይከብዳል። ጎበዝ ሪሲቨር ዛሬ ሁለት ዓመት ካናዳ ውስጥ ካበራ ኤንኤፍኤል ይደውልለታል። ካልደወለም ውሎቹ አጭር ስለሆኑ ከቡድን ቡድን ይዞራል። በየዓመቱ 10 ተችዳውን የሚያስቆጥር ሰው እንኳ 15 ዓመት ያስፈልገዋል፤ 15 ዓመት የሚጫወት ሪሲቨር ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

የ100 ያርዷ ግን ከዚህም የባሰ ነው። ሊጉ በ2025 ባሳወቀው ዕቅድ መሠረት በ2027 ሜዳው ወደ 100 ያርድ ያጥራል፣ ኤንድ ዞኑም ወደ 15። እንዲያ ከሆነ ከፍተኛው እንደ አሜሪካው 99 ነው። የስቴጋልን ዓይነት ሙከራ ሞክሮ የሚደግም አይኖርም፣ ቦታው ራሱ የለማ። ዜናው ሲወጣ ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። እኔ ባይቀየር እመርጥ ነበር። ሰፊው ሜዳ ነው ይህን ሊግ ሌላ ያደረገው።

ልጄ ካናዳ ነው የተወለደው፣ ሪሲቨር መሆን ይፈልጋል። መንገድ አለው?

አለው፣ እንዲያውም አሜሪካዊው ስቴጋል ያልነበረው አንድ ጥቅም አለው። የሊጉ ደንብ ቡድኖች ካናዳውያን እንዲያሰልፉ ያስገድዳል። በማጥቃትና በመከላከል ከሚሰለፉት 24 ቋሚዎች ቢያንስ ሰባቱ ካናዳውያን መሆን አለባቸው። ስለዚህ ጥሩ ካናዳዊ ሪሲቨር ተፈላጊ ነው።

የተለመደው መንገድ ሃይስኩል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ በየጸደዩ የሚደረገው የካናዳውያን ድራፍት ነው። የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ቫኒየር ካፕ ይባላል፤ መልማዮች እዚያ አይጠፉም። በካናዳዊነት ተመዝግበው ትልቅ ደረጃ የደረሱ አሉ። ቤን ካሁን ለሞንትሪያል ብቻ ተጫውቶ 1,017 ኳስ ተቀበለ፣ ሦስት ዋንጫም አነሳ። አንዲ ፋንቱዝ በ2010 ከአሜሪካውያኑ ሁሉ በልጦ በያርድ የሊጉ አንደኛ ሆነ።

የኔ ምርጥ ምሳሌ ግን ብራድ ሲኖፖሊ ነው። ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኳርተርባክ ነበር። በ2010 የአገሪቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። ፕሮፌሽናል ሲሆን ግን በኳርተርባክነት ቦታ አላገኘም። ቦታ ቀይር ተባለ፣ ቀየረ። በ2018 116 ኳስ ተቀብሎ በአንድ ዓመት የካናዳውያንን ሪከርድ ያዘ። ስለዚህ ልጁ ገና 12 ዓመቱ ከሆነ ሪሲቨር ብቻ ካልሆንኩ ብሎ እንዳያስቸግራችሁ፣ ያገኘበት ቦታ ይጫወት። ትምህርቱን ግን አትልቀቁለት፤ ከላይ የጻፍኩትን የደመወዝ ቁጥር አሳዩት።